ከክፍል ተወካይነት እስከ ተማሪዎች ኅብረት፦ ደብረ ብርሃን ለምትማሩ

ደብረ ብርሃን የተመደበን አዲስ ተማሪ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሁለት ነገር ይቀበለዋል፤ ብርዱና የክበብ ማስታወቂያው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትርን ያለፈ ከተማ ነውና ብርዱ የሚጠበቅ ነው፤ ወፍራም ጃኬትና አንድ ተጨማሪ ብርድ ልብስ ይበቃዋል። ማስታወቂያው ግን ብዙዎችን ያሳስታል። በየግድግዳው «ተመዝገቡ» ይላል። ተማሪውም አራት አምስት ቦታ ስሙን ያስመዘግባል፣ ያን ያህል የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ይገባል፣ የሚድ ፈተና ሲደርስ ግን አንዱም ጋ አይገኝም።

ከዚህ በታች ያለው ለዩኒቨርሲቲውም፣ ለመምህራን ትምህርት ኮሌጁም፣ ለፖሊ ቴክኒኩም ተማሪ ይሆናል። የቢሮዎቹ ስም ከግቢ ግቢ ይለያያል እንጂ አሠራሩ ተቀራራቢ ነው። ግቢ ውስጥ ንግግር የሚችል ሞልቷል፤ ደብዳቤ ጽፎ፣ አስመዝግቦ፣ መልሱን ተከታትሎ የሚያመጣ ግን ጥቂት ነው። መሪ የሚወጣው ከእነዚህ ጥቂቶች ነው፤ ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ስለ ወረቀት አብዝቶ ቢያወራ አይግረማችሁ።

የመጀመሪያው ሴሚስተር

ፍሬሽማን እያላችሁ አንድ ክበብ ይበቃል። የዲፓርትመንት ምደባ ሲመጣ ከምርጫችሁ ጋር አብሮ የሚታየው የመጀመሪያ ዓመት ውጤታችሁ ነው። ነጥባችሁ ከ2.00 በታች ከወረደ ደግሞ ክበቡም ኅብረቱም ይቀርና ስለ ማስጠንቀቂያና ስለ ስንብት ማሰብ ይመጣል። ሌላም ምክንያት አለ፤ የፍሬሽማን ሴክሽን ምደባ ሲወጣ ይበተናል። በጥቅምት ያሰባሰባችሁት «ደጋፊ» በሚቀጥለው ዓመት በየዲፓርትመንቱ ተበታትኖ ታገኙታላችሁ። ስለዚህ የመጀመሪያው ዓመት ሥራ የምትማሩበት ነው፤ ለኅብረት መወዳደር ከሁለተኛ ዓመት በኋላ ይሻላል።

ክበብ ስትመርጡ ባነሩ ላይ የተጻፈውን ዓላማ ተዉትና ሰብሳቢውን ሦስት ነገር ጠይቁ። ባለፈው ዓመት ምን ሠራችሁ? ቃለ ጉባኤያችሁን ማየት ይቻላል? መደበኛ ስብሰባችሁ በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት፣ የት ነው? ለሦስተኛው ጥያቄ «እንደ ሁኔታው እንጠራራለን» ከተባላችሁ ክበቡ ያለው በስም ብቻ ነው። የሞተ ክበብ ውስጥ ገብቶ ማነቃቃት ይቻላል፤ ግን ያ ለፍሬሽማን የሚሆን ሥራ አይደለም።

ከየትኛው ምን ይገኛል? ቀይ መስቀል ክበብ የመጀመሪያ ዕርዳታ ሥልጠና ይሰጣል፤ ማኅበሩ በ1927 ዓ.ም. የተቋቋመ በመሆኑ አሠራሩ የተደራጀ ነው፣ ያንን አሠራር መማር ብቻውን ትርፍ ነው። ሚኒ ሚዲያ ቀነ ገደብ ማክበርን ያስተምራል፤ የዜናው ሰዓት ከደረሰ ደረሰ ነውና። ሥነ ጽሑፍ ክበብ ሰው ፊት ቆሞ ማንበብን፣ ክርክር ክበብ ደግሞ የማያምኑበትን ሐሳብ ጭምር በሥርዓት ማቅረብን ያለማምዳል። የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና፣ የሥርዓተ ፆታ፣ የአካባቢ ጥበቃና የበጎ አድራጎት ክበቦች ከቢሮዎች ጋር ብዙ ስለሚጻጻፉ ደብዳቤ ለመልመድ ጥሩ ናቸው። ግቢ ጉባኤ፣ ጀመዓና ፌሎሺፕ (የኦርቶዶክስ፣ የሙስሊምና የፕሮቴስታንት ተማሪዎች ስብስቦች) የራሳቸው መዋቅር አላቸው፤ ብዙ ተማሪ ስብሰባ መምራትን የሚጀምረው እዚያ ነው። እነሱን ከግቢው ክበብና ከኅብረቱ ጋር አታቀላቅሉ። በእምነት የተሰበሰበን ሰው የስም ዝርዝር ለድምፅ መለመኛ ማድረግ በሁለቱም ወገን መታመንን ያሳጣል።

ሬፕ መሆን

የክፍል ተወካይነት ክብር የሌለው፣ ስልክ የሚያስጮህ ሥራ ነው። ስብሰባ ከመምራት ይልቅ ግን ይህ ነው አመራርን የሚያስተምረው፤ በየሳምንቱ ከሃምሳ ሰው ጋር ስለሚያገናኝ ስሕተቱ ሳይውል ሳያድር ይታያል።

በመጀመሪያው ሳምንት የክፍሉን ዝርዝር ሥሩ፤ ሙሉ ስም፣ መታወቂያ ቁጥር፣ ስልክ። የማየት ወይም የመስማት ችግር ያለበት ተማሪ ካለ ብቻውን ጠይቃችሁ ለመምህራኑ አሳውቁ፤ የፊት ወንበር ወይም በትልቅ ፊደል የታተመ ፈተና ቀድሞ ካልተጠየቀ በፈተናው ቀን አይገኝም። ከዚያ አንድ ምክትል ያዙ። ሬፑ ወንድ ከሆነ ምክትሏ ሴት፣ ሴት ከሆነች ምክትሉ ወንድ ይሁን። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ «ነገ ፈተናው ተቀይሯል» የሚል መልእክት ሲመጣ ሴቶች ዶርም ገብቶ የሚናገር ያስፈልጋል፤ ወንድ ሬፕ ከበር አያልፍም።

ቴሌግራም ላይ ሁለት ነገር ክፈቱ፤ ማስታወቂያ ብቻ የሚወጣበት ቻናልና ሁሉም የሚያወራበት ግሩፕ። አንድ ግሩፕ ብቻ ካለ የፈተና ቀን ከስቲከርና ከቀልድ ሥር ይቀበራል። ኔትወርክ የሚጠፋበትም፣ ዳታ የሌለውም ተማሪ ስላለ ትልቅ ነገር ሲሆን በክፍሉ በር ላይ ወረቀት ለጥፉ። ከሌላ ሴክሽን ወይም ከሌላ ባች ኮርሱን አድ ያደረጉ (ጨምረው የተመዘገቡ) ተማሪዎች ዝርዝራችሁ ውስጥ አይገኙም፤ ከመምህሩ ስማቸውን ጠይቃችሁ አስገቧቸው። ሜካፕ ክላስ (የማካካሻ ትምህርት) እና ፈተና የሚያመልጣቸው ብዙ ጊዜ እነዚህ ናቸው።

መምህር ሜካፕ ሲጠይቅ እዚያው ላይ «እሺ» አትበሉ። ሁለት አማራጭ ሰዓት ተቀበሉ፣ ከዲፓርትመንቱ ጸሐፊ ባዶ ክፍል መኖሩን አረጋግጡ፣ ክፍሉን ጠይቁ፣ ከዚያ ለመምህሩ አንዱን ንገሩ። የፈተና ቀን ለማስቀየር ደግሞ በእጅ ማውጣት ብቻ አይበቃም፤ አዲሱ ቀንና ሰዓት ከላይ የተጻፈበት ወረቀት ላይ ሁሉም ይፈርም። ያልተስማማ ካለም «አልተስማማሁም» ብሎ ይፈርም። ያ ወረቀት ከሌለ፣ በአዲሱ ቀን የቀረ ተማሪ አቤት ሲል ሬፑ የሚያሳየው ነገር አይኖረውም።

ሃንዳውት ማስገልበጥ ሬፕ ስሙ የሚጠፋበት ዋናው ቦታ ነው። ገንዘቡ ትንሽ ስለሆነ ማንም አይመዘግብም፤ ሐሜቱም የሚመጣው ስላልተመዘገበ ነው። አሠራሩ እንዲህ ይሁን፦ መጀመሪያ ኮፒ ቤቱን የገጹን ዋጋ ጠይቁ፣ በገጹ ብዛት አባዙና ለአንድ ሰው የሚደርሰውን አስታውቁ። ገጹ 3 ብር ቢሆንና ሃንዳውቱ 40 ገጽ ቢኖረው ለአንድ ሰው 120 ብር ነው። ከፋዩ ሲከፍል ከስሙ ፊት ይፈርም፣ ኮፒው የሚታዘዘው ለከፈለው ሰው ልክ ብቻ ነው። «ቆይቼ እሰጥሃለሁ» ለሚል ከኪሳችሁ አትክፈሉ፤ መክፈል ለማይችለው ግን ለአንድ ዶርም አንድ ኮፒ የሚሆን ትርፍ አዛችሁ ለሁሉም ክፍት አድርጉት፣ ስሙን ሳታነሡ። ሶፍት ኮፒው ካለ ቻናሉ ላይ ጫኑት።

የአንድን ተማሪ የግሬድ ቅሬታ ሬፕ ተሸክሞ አይሄድም፤ ባለቤቱ ራሱ በጊዜው ያቅርብ። የክፍሉ ሁሉ ጉዳይ ሲሆን፣ ለምሳሌ ያልተማራችሁት ምዕራፍ ፈተና ላይ ሲወጣ፣ ቅደም ተከተሉ መምህሩ፣ ከዚያ የዲፓርትመንት ኃላፊው፣ ከዚያ ዲኑ ነው። መምህሩን ዘልሎ ኃላፊው ጋ የሄደ ሬፕ «ከመምህራችሁ ጋ ተነጋገሩ» ተብሎ ይመለሳል፤ ያን ጊዜ መምህሩ ቀድሞ ሰምቶ ተቀይሞ ይጠብቀዋል። ከሁለት ሰው በላይ ይዛችሁ አትግቡ። ዐሥር ሆኖ የገባ ቡድን ቅሬታ አቀረበ አይባልም፣ አደመ ይባላል።

ደብዳቤና ቃለ ጉባኤ

አዳራሽ፣ ወንበር፣ ድምፅ ማጉያ፣ መኪና፣ ፈቃድ፤ ሁሉም የሚገኘው በደብዳቤ ነው። ደብዳቤው አጭር ይሁን፤

ቀን፦ ታኅሣሥ 3 ቀን ...
ለ፦ ተማሪዎች አገልግሎት ክፍል
ጉዳዩ፦ የመሰብሰቢያ አዳራሽ እንዲፈቀድልን ስለመጠየቅ
ክበባችን ታኅሣሥ 20 ቀን ከቀኑ 8፡00 እስከ 10፡30 ሰዓት ለ120 ተማሪዎች የመጀመሪያ ዕርዳታ ገለጻ ለመስጠት አቅዷል። ስለሆነም አዳራሹ ከአንድ ድምፅ ማጉያና ከሁለት ማይክራፎን ጋር በተጠቀሰው ሰዓት እንዲፈቀድልን በትሕትና እንጠይቃለን። ለዝግጅቱ ተጠሪ የክበቡ ጸሐፊ ነው፤ ስልክ ...
ከሰላምታ ጋር
(ስም፣ ፊርማ፣ የክበቡ ማኅተም)
ግልባጭ፦ ለጥበቃና ደኅንነት ክፍል

አንድ ደብዳቤ አንድ ጉዳይ ብቻ ይያዝ። አዳራሽና ገንዘብ በአንድ ደብዳቤ ከተጠየቁ አዳራሹን የሚፈቅደው ሰው ገንዘቡን መፍቀድ ስለማይችል ሁለቱም ይቆማሉ። ሁለት ኮፒ አትሙ፤ አንዱን መዝገብ ቤት ሰጥታችሁ በሁለተኛው ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን አስጽፉና ለራሳችሁ ያዙ። ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ በቀጥታ የተቀመጠ ደብዳቤ ይጠፋል፣ ሲጠፋም «አልደረሰኝም» ለሚለው መልስ የላችሁም። ቁጥሩ ካላችሁ ከሁለት ወይም ሦስት የሥራ ቀን በኋላ ሄዳችሁ «በቁጥር ይህን ያህል የገባው ደብዳቤ የት ደረሰ?» ማለት ትችላላችሁ። ለጥበቃ ግልባጭ ካላደረጋችሁ ከውጭ የጋበዛችሁት እንግዳ ዋናው በር ላይ ቆሞ ይደውልላችኋል።

ቃለ ጉባኤ ላይ ቀን፣ ቦታ፣ የተጀመረበትና ያበቃበት ሰዓት፣ የተገኙና ያልተገኙ፣ አጀንዳ፣ ውሳኔ፣ ፊርማ ይገባል። ማን ምን ብሎ እንደተከራከረ መጻፍ አያስፈልግም። ውሳኔው ግን ሦስት ነገር ከሌለው ውሳኔ አይደለም፤ ምን፣ ማን፣ እስከ መቼ። «ስለ ባነሩ ተወያይተናል» የሚለው አይረዳም፤ «ባነሩን የሕዝብ ግንኙነቱ እስከ ማክሰኞ ያሳትማል» የሚለው ይሠራል። ምልአተ ጉባኤው ስንት እንደሆነ ከመተዳደሪያ ደንባችሁ አንብቡ፤ ብዙ ጊዜ ከግማሽ በላይ ነው። ሳይሟላ የተወሰነ ነገር በኋላ በአንድ ሰው ተቃውሞ ይፈርሳል። ለዚህ ነው ለጀማሪ ከሰብሳቢነት ይልቅ ጸሐፊነትን የምንመክረው፤ የክበቡ ወረቀት ሁሉ በጸሐፊው እጅ ያልፋል፣ ሰብሳቢው ሲመረቅም አሠራሩን የሚያውቅ እሱ ነው።

አንድ ዝግጅት ከዕቅድ እስከ ፍጻሜ፦ ደም ልገሳ

ደም ልገሳ ለመጀመሪያ ዝግጅት ጥሩ ነው፤ ባለሙያውንና መሣሪያውን ይዞ የሚመጣው የደም ባንክ ነውና ወጪው ትንሽ ነው። ከአራት ሳምንት በፊት ጀምሩ።

አራተኛው ሳምንት፦ ለደም ባንክ ደብዳቤ፣ ለአዳራሽ ደብዳቤ። ቀኑን የሚወስነው የደም ባንኩ ፕሮግራም ነው፤ እናንተ ሁለት አማራጭ ስጡ። ረቡዕ፣ ዓርብና ዐቢይ ጾምን ዝለሉ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ተማሪ በባዶ ሆዱ ደም ሰጥቶ አዳራሹ ውስጥ ይወድቃል። ረመዳንም እንደዚሁ ነው። የሚድና የፋይናል ሳምንትም አይሆንም።

ሦስተኛው ሳምንት፦ ምዝገባ። መስፈርቱ ማስታወቂያው ላይ በግልጽ ይጻፍ፤ ዕድሜ ከ18 እስከ 65፣ ክብደት ቢያንስ 45 ኪሎ፣ ካለፈው ልገሳ ቢያንስ ሦስት ወር ያለፈው። ይህ ካልተጻፈ ግማሹ ተመዝጋቢ በር ላይ ይመለሳል፣ የተመለሰው ደግሞ ተሸማቅቆ ሌላውን ይዞ ይሄዳል። ከተመዘገበው ሁሉም አይመጣም፤ የምትፈልጉትን ያህል ሳይሆን ከዚያ በእጅጉ የሚበልጥ ሰው መዝግቡ።

ሁለተኛው ሳምንት፦ አዳራሹን ሄዳችሁ እዩ። ሶኬቱ ይሠራል? ውኃ አለ? አልጋ የሚዘረጋበት ቦታና ከሰጡ በኋላ የሚያርፉበት ወንበር ለየብቻ ነው? በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት አዳራሹ እጅግ ይቀዘቅዛል። ክንዱ የቀዘቀዘ ሰው ደም ሥሩ በቀላሉ አይገኝም፤ ፀሐይ እስኪሞቅ ጠብቃችሁ አራት ሰዓት ገደማ ጀምሩና የካፌ ምሳ ሳያልፍ ጨርሱ።

የመጨረሻው ሳምንት፦ ለስላሳና ብስኩት በተመዝጋቢው ልክ ግዙ። አንድ ቀን ሲቀረው ለተመዘገቡት በየስማቸው መልእክት ላኩ፤ «ቁርስ በልታችሁ፣ ውኃ ጠጥታችሁ፣ መታወቂያ ይዛችሁ ኑ» በሉ። ሲያልቅ ስንት ሰው እንደሰጠ፣ ስንት እንደተመለሰና ለምን እንደተመለሰ አንድ ገጽ ሪፖርት ጽፋችሁ ለደም ባንኩም ለተማሪዎች አገልግሎትም አስገቡ። ለሚቀጥለው ዝግጅት አዳራሽ ስትጠይቁ ያ ገጽ ይመሰክርላችኋል።

ሌሎች ዝግጅቶችም የራሳቸው ወጥመድ አላቸው። የግጥም ምሽት ሲባል በእውነት ምሽት አታድርጉት። እራት የሚቀርብበት ሰዓት ሲደርስ አዳራሹ ወደ ካፌ ሰልፍ ይገለበጣል፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ብርዱ ሰውን ዶርም ያስቀራል። ከዘጠኝ ሰዓት ተኩል እስከ ዐሥራ አንድ ያለው የተሻለ ነው። ለሻይ ፕሮግራም የጾም ነገር መኖሩን ቀድማችሁ አስቡ። መብራት ይጠፋል ብላችሁ ተነሡ፤ ያለ ማይክራፎን መቀጠል የማይችል ፕሮግራም ገና አልተዘጋጀም።

ችግኝ ተከላ ለፎቶ እንጂ ለዛፍ ሲጠቅም እምብዛም አይታይም። ምክንያቱ የቀን መቁጠሪያው ነው፤ ዝናቡ ሲጠነክር ተማሪው ወደ ቤቱ ይበተናል፣ በኅዳር ውርጭ ሲመጣ ችግኙን የሚያለብሰው የለም። ቢያንስ ጉድጓዱን ከተከላው ሳምንታት ቀድማችሁ ቆፍሩ፣ ባሕር ዛፍ በዙሪያው ሞልቷልና ጽድ፣ ወይራ ወይም ኮሶ ምረጡ፣ ከከተማው ልጆች መካከል ክረምቱን እዚያው የሚቆዩ ሦስት አራት አባላት ተጠሪ ሁኑ በሏቸው። ሁለት መቶ ተክሎ ሃያ ከማጽደቅ ሃምሳ ተክሎ አርባ ማጽደቅ ይሻላል።

ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የማጠናከሪያ ትምህርት መስጠት ደግሞ ገንዘብ የማይጠይቅ፣ ውጤቱ የሚታይ ሥራ ነው። ለአንድ የትምህርት ዓይነት ሁለት አስጠኚ መድቡ። አንድ ብቻ ከሆነ የእሱ ሚድ ሲደርስ ሠላሳ ልጅ ቅዳሜ ጠዋት ባዶ ክፍል ይጠብቃል፤ ሁለት ቅዳሜ እንዲህ ካለፈ በሦስተኛው የሚመጣ አይኖርም። በከተማው ለተጠለሉ ተፈናቃዮች ልብስና ቁሳቁስ የምታሰባስቡ ከሆነ መጀመሪያ የሚያስተባብሩትን ሰዎች የሚያስፈልገውን ጠይቁ። ሲሰጡ ፎቶ ማንሣት ደግሞ ይቅርባችሁ።

ገንዘብ

ግቢው የሚፈቅደው ገንዘብ በአብዛኛው በእጅ አይሰጥም፤ ዕቃው በግዥ ክፍል ይገዛላችኋል። ግዥው ብዙ ጊዜ ሦስት ፕሮፎርማ (የሻጮች የዋጋ ማቅረቢያ) ስለሚፈልግ ባነርና ቲሸርት በሳምንት አይደርስም፤ ከወር በፊት ጠይቁ። በእጅ ገንዘብ ከወሰዳችሁ በስማችሁ ተመዝግቧል፤ በደረሰኝ ካላወራረዳችሁት ክሊራንስ (ከግቢው ስትወጡ ዕዳ እንደሌለባችሁ የሚያረጋግጠውን ወረቀት) ስትይዙ ይጠብቃችኋል። ደረሰኝ የማይሰጥ ሱቅ በርካሽ ቢሸጥም ለእናንተ ውድ ነው። ከአባላት መዋጮ ከሰበሰባችሁ ገንዘብ ያዡና ሰብሳቢው አንድ ሰው አይሁኑ፣ ሒሳቡ በየወሩ ግሩፑ ላይ ይለጠፍ። ገንዘቡን በአንድ ሰው የግል የባንክ ሒሳብ ማኖር ሰውየው ታማኝ ቢሆንም አይመከርም፤ ገቢውን ከራሱ ገንዘብ ለይቶ ማሳየት አይችልም።

ወደ ኅብረቱ

ከመወዳደራችሁ በፊት ሦስት ሰነድ አንብቡ፤ የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 ስለ ተማሪ መብትና ግዴታ የሚለውን፣ የተቋሙን የሴኔት ሕግ፣ የኅብረቱን መተዳደሪያ ደንብ። ሦስተኛው ላይ የሚፈለገው ዝቅተኛ ነጥብ፣ የዲሲፕሊን ሁኔታ፣ የሥልጣን ዘመንና የምርጫው አሠራር ተጽፏል። ደንቡን ሳያነቡ የተመዘገቡ ዕጩዎች በማጣሪያው ይወድቃሉ፣ ከዚያ «ተገፋን» ይላሉ።

የኅብረት መዋቅር ብዙውን ጊዜ ከየኮሌጁ የተወከሉ ተማሪዎች ያሉበት ምክር ቤት፣ ከእሱ የሚወጣ ሥራ አስፈጻሚና የቁጥጥር አካል አለው። ሁሉም ሰው ፕሬዚዳንትነትን ያያል። የተማሪን ኑሮ በቅርብ የሚነካው ግን የምግብና የመኝታ ጉዳይ የያዘው ሰው ነው፤ ሥራ የምትፈልጉ ከሆነ እዚያ ተወዳደሩ። ሴት ተማሪዎችን ደግሞ ወደ ሥርዓተ ፆታ ዘርፍ ብቻ የመግፋት ልማድ አለ፤ ፋይናንሱንም ጸሐፊነቱንም ፕሬዚዳንትነቱንም ጠይቁ። ስብሰባን ማታ ሁለት ሰዓት ላይ የሚጠራ ኅብረት ሴቶችን በዘዴ እያስቀረ መሆኑን ይወቅ።

በቅስቀሳ ጊዜ የማትችሉትን አትናገሩ። ለአንድ ተማሪ በቀን የሚመደበው የምግብ ገንዘብ የሚወሰነው በመንግሥት ነው፤ «ሥጋ በየቀኑ» ያለ ዕጩ በመጀመሪያው ወር ይዋረዳል። ኅብረት የሚችለው ሌላ ነው። ከመጋዘን የሚወጣው ጤፍና ዘይት ሲመዘን ተወካይ ቆሞ እንዲያይ ማድረግ ይችላል። እንጀራው ስንት ሰዓት እንደደረሰ፣ ወጡ ለመጨረሻው ሰልፈኛ ደርሶ እንደሆነ፣ ውኃ መኖሩን በየቀኑ መመዝገብ ይችላል። ሁለት ሳምንት በሰዓትና በቀን የተመዘገበ ወረቀት ይዞ የገባ ተወካይ «ምግቡ መጥፎ ነው» ብሎ ከገባው የተሻለ ይደመጣል፤ ኃላፊውም ለበላዩ የሚያሳየው ነገር ያገኛል። ዶርም ላይም እንደዚሁ ነው፤ የተሰበረ መስኮትና የማይሠራ አምፖል በብሎክና በክፍል ቁጥር ዘርዝሩ፣ ኮፒውን ለፕሮክተሩ (ለዶርሙ ተቆጣጣሪ) ስጡ፣ የተጠገነውን እያያችሁ ሰርዙ። በዚህ ከተማ የተሰበረ መስኮት ከሁሉ ይቅደም።

ስብሰባ ስትጠሩ የማይገኙትን አስቡ። በአስራት ወልደየስ ጤና ሳይንስ ካምፓስ ያሉ ተማሪዎች ከፍ ያለ ዓመት ላይ ሲደርሱ ሆስፒታል ልምምድ ላይ ናቸው፤ የመምህራን ኮሌጅ ተማሪዎችም ለተግባር ልምምድ ትምህርት ቤት ይወጣሉ። ከመንዝ፣ ከቡልጋ ወይም ከመርሐ ቤቴ መጥተው ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይተው የሚማሩ ደግሞ ቅዳሜና እሑድ ስንቅ ለማምጣት ወደ ቤተሰብ ይሄዳሉ፤ ለእነሱ ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ከሰዓት ይሻላል። ሁልጊዜ በዋናው ግቢ፣ ሁልጊዜ ቅዳሜ የሚሰበሰብ ኅብረት የሚወክለው ዶርም ያለውን ብቻ ነው።

አንድ ነገር በግልጽ እንናገር። በብሔር፣ በእምነት ወይም በፓርቲ ድምፅ መሰብሰብ ቀላል መንገድ ይመስላል፤ በግቢ ውስጥ ግጭት ሲነሣ ግን መጀመሪያ የሚጠፋው በዚያ መንገድ የመጣ ተወካይ ነው፣ ሌላው ወገን አይሰማውምና። የምረጡኝ ቡድናችሁን ከተለያየ ክልልና ኮሌጅ ሥሩ። አለመግባባት ሲነሣ በኅብረቱ ቻናል ላይ ያልተረጋገጠ ነገር አትለጥፉ፣ ኮሜንቱን ዝጉ፣ ለተማሪዎች ዲንና ለጥበቃ አሳውቁ፣ የሁለቱን ወገን ተሰሚ ሰዎች ለየብቻ አነጋግሩ። ሽማግሌ ፍለጋ የምትሮጡት ነገሩ ሳይከፋ ይሁን።

ማስረከብ

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራቂ ተማሪ የመውጫ ፈተና ይወስዳል፤ ለማለፍ 50 ከመቶ ያስፈልጋል። ስለዚህ ጂሲ (ተመራቂ ተማሪ) ሆኖ የኅብረት ሥራ አስፈጻሚነትን እስከ መጨረሻው ወር መያዝ ብልህነት አይደለም። ተተኪው ከመጀመሪያው ሴሚስተር ጀምሮ አብሯችሁ ይሥራ፣ ሁለተኛው ሲጋመስ አስረክቡ።

ርክክቡ በጽሑፍ ይሁን፤ የቃለ ጉባኤ መዝገብ፣ የገቢና የወጪ ደብዳቤ ፋይል፣ ማኅተም፣ ቁልፍ፣ የንብረት ዝርዝር፣ ያልተወራረደ ሒሳብ፣ ገና መልስ ያላገኙ ደብዳቤዎች ከነቁጥራቸው። ሦስት ኮፒ ተፈርሞ አንዱ ለአስረካቢ፣ አንዱ ለተረካቢ፣ አንዱ ለተማሪዎች አገልግሎት። ብዙዎች የሚረሱት የቴሌግራም ቻናሉን ነው። አድሚን ማድረግ ብቻ አይበቃም፤ ባለቤትነቱ ካልተዛወረ የተመረቀው ሰው አካውንቱን ሲዘጋ ቻናሉ ያለ ባለቤት ሊቀር ይችላል። ለማዛወር ደግሞ ባለቤቱ የሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን ቢያንስ ከሰባት ቀን በፊት ያበራ፣ በዚያው ስልክም ከገባ 24 ሰዓት ያለፈው መሆን አለበት፤ ስለዚህ ክሊራንስ ለመያዝ ሁለት ሳምንት ሲቀራችሁ ጀምሩት።